ዘግይቶ የተዘራው ኑግ

ስልኩ ሲጮኽ ሁለቱም እጆቼ በፋጉሎ ተለውሰው ነበር። ፋጉሎ ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ ማሽኑ የሚተፋው የኑግ ቅሪት ነው፤ ላም ትሞትለታለች፣ ከጥፍር ሥር ግን በሳሙናም አይወጣ። ስለዚህ ስልኩን በአፍንጫዬ ጫፍ ነካሁትና ድምፁን ከፈትኩት። እማዬ አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

የባሕር ዳሯ ደንበኛችን ነበረች። የፀጉር ቅባት ሠርታ የምትሸጥ ሴት ናት።

«ዘይቱ ደርሶኛል» አለች። እማዬ ጆሮዋን ወደ ስልኩ አስጠጋች።

«በራሴ ፀጉር ሞከርኩት፤ በልጄም ሞከርኩት። እሰይ የሚያሰኝ ነው! ተቀብያለሁ። የሚመጣውን ዓመት ዘይት ለሌላ ሰው ብትሰጪብኝ እቀየምሻለሁ፤ ኑጉ ሳይዘራ ከአሁኑ የኔ ነው። ደግሞ ያንን መልእክት የጻፈችው ልጅሽ ናት አይደል? በየጠርሙሱ የምለጥፈውንም እሷ ትጻፍልኝ። ሰው የሚቀባው ዘይት ከምን ዓይነት ክረምትና ከምን ዓይነት መኸር እንደ ወጣ አንብቦ ይግዛ።»

ጮኽኩ። እንዴት እንደ ጮኽኩ እኔም አላውቅም፤ ዶሮዎቹ አጥር ዘለው ወጡ።

«ዝም በይ አንች! ጎረቤቱ ሰው የሞተብን ይመስለዋል» አለች እማዬ። ግን ዘገየች። የጎረቤታችን ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ አንድ እግሯ ጫማ አንድ እግሯ ባዶ፣ እየሮጠች ደረሰች።

«ማነው? ማነው የሞተው?»

እማዬ ሳቀች። ከብዙ ጊዜ በኋላ እንደዚያ ስትስቅ አየኋት። «አረቄው ነው» አለቻት።

ይኸ ቀልድ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። እኛ ፍኖተ ሰላም የምንኖርበት ቤት የአረቄ ቤት ነበር። እማዬ ብቅልና ጌሾ ደፍድፋ፣ በርሜሉን እሳት ላይ ጥዳ፣ እንፋሎቱን በመቃ ወደ ቀዝቃዛ ውሃ እያወረደች ነው ያሳደገችኝ። የቤት ሥራዬን የምሠራው ሰካራም በሰካራም ላይ ሲዘፍን እየሰማሁ ነበር። ሒሳብ ላይ ጎበዝ ያልሆንኩት ለዚህ ነው እላለሁ፤ እማዬ ግን አታምነኝም። ጭሱ ዓይኗን ሲጎዳው፣ ሐኪሙም «ወይ እሳቱን ወይ ዓይንሽን ምረጭ» ሲላት፣ እቁቧ በደረሳት ጊዜ ትንሽ የዘይት መጭመቂያ ማሽን ገዛች። የአረቄውን በርሜል ግን አልጣለችውም። አጥባ፣ አፍልታ፣ ድፍድፍ የነበረበት ቦታ ጠጅ ሣር ከተተችበት። ጭሱ እንዳያገኛትም ምድጃውን ከቤት አውጥታ ነፋስ ከሚመጣበት በኩል ትቀመጥ ጀመር። በርሜሉም ያው በርሜል፣ መቃውም ያው መቃ፤ የሚንጠባጠበው ግን ሌላ። ከውሃው በላይ ቀጭን ቢጫ ዘይት ይንሳፈፋል፤ ያንን ቀስ ብላ ትቀዳዋለች። አንድ የድሮ ጠጪ በአጥር በኩል አሽትቶ ካልቀመስኩ ብሎ ውሃውን ቀመሰና «ደግ ነው፣ ግን የትም አያደርስ» አለ።

የባሕር ዳሯ ሴት ከኛ የምትፈልገው ሁለቱንም ነው። የጠጅ ሣሩ ዘይት ብቻውን ቆዳ ላይ ቢቀባ ይለበልባል፤ የሚሸከመው፣ የሚያለሰልሰው ሌላ ዘይት ይፈልጋል። ተሸካሚው የኛ ኑግ ነው። ጥቂት ጠብታ ሽታ፣ ጠርሙስ ሙሉ ኑግ። ኑግ ከሌለ ጠጅ ሣራችን የትም አይሄድም። ደንበኛችን ደግሞ ያለችን እሷ ብቻ ናት። እሷ ከተወችን እማዬ ወደ ጌሾዋ ትመለሳለች። ይኸን በቤታችን ማንም በቃል አይናገረውም፣ ሁላችንም ግን እናውቀዋለን።

ሁለቱም ዘይቶች የሰማይ ልጆች ናቸው። ጠጅ ሣር ክረምት ላይ እስከ ወገቤ ይደርሳል፤ ለምለምነቱን ያየ ሰው ዘይት የሚንዶለዶል ይመስለዋል። ውሃ ነው! በርሜል ሙሉ አፍልታችሁ የምታገኙት ዘይት የማንኪያ ጫፍ አያረጥብም። በጥርና በየካቲት ፀሐይ ያኮማተረው፣ አጭርና ሸካራ ሣር ነው ዘይቱን የያዘው፤ እሱን ያጨደ እጅ ታጥቦም ይሸታል። ኑግ ደግሞ ሌላ አመል አለው። በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ይዘራል፤ መስከረም ሲገባደድ ያብባል። ሲያብብ ንብ ይፈልጋል። ዝናብ ጥቅምትን ካልለቀቀ ንብ ከቀፎዋ አትወጣም፤ ያኔ ጭንቅላቱ ፍሬ የያዘ መስሎ ባዶ ገለባ ይሆናል። ታጭዶ ሳለ ዝናብ ካገኘው ደግሞ ይረግፋል፣ ይሻግታል፤ ከሻገተ ኑግ የሚወጣ ዘይት ይኮመጥጣል። እማዬ ማሽን ከገዛች ወዲህ ሰማይ የምታየው እንደ ገበሬ ነው። ዳመና ስታይ ከከተማ ሆና ወንድሟ ጋ ትደውላለች።

ወንድሟ፣ አጎቴ፣ ከቡሬ ወዲህ ባለው ገጠር ገበሬ ናቸው። ኑጋችን የሚመጣው ከሳቸው ነው። ዘንድሮ ጥቅምቱ ጥርት ያለ ነበር፤ ንቡም አበባውም ደስ ይል ነበር። ኅዳር ላይ ኑጉን አሳጨዱ። ከፊሉን ወቅተው ጓሮ ሸራ ላይ አሰጡት፤ የቀረው በነዶ ታስሮ ማሳው ላይ ተከመረ። ከኑጉ ጎን በሌላ ሸራ በርበሬያቸው ተሰጥቷል። የቡሬ በርበሬ ታውቃላችሁ መቼም፤ ግቢው በሙሉ ቀይ ነው። እኔና እማዬ ኑጉን ልናመጣ የሄድነው በዚያ ሰሞን ነበር።

በጠራራ ፀሐይ ነፋስ ተነሣ። አጎቴ ቀና አሉ። በኅዳር ወር ያልለመድነው ጥቁር ዳመና ከተራራው ላይ እየተንከባለለ ይመጣል።

«በርበሬው! በርበሬውን!» አሉ።

«ኑጉስ?» አለች እማዬ።

«ኑግ ውሃ ጠጥቶ ይደርቃል! በርበሬ ውሃ ከነካው ማን ይገዛኛል?»

ሰው ሁሉ ተራወጠ። ከጎረቤት የመጣ፣ ከመንገድ የገባ፣ ሁሉም ያፍሳል። ማዳበሪያው አለቀ፤ ማዳበሪያ የምንለው የማዳበሪያ ከረጢቱን ነው፣ በኛ አገር ሁሉ ነገር የሚገባበት። የአጎቴ ሚስት የዓምናው በርበሬ የነበረባቸውን ባዶ ማዳበሪያዎች እያራገፉ ኑጉን ገለበጡባቸው። ሲያባራ፣ በማግስቱ ፀሐይ ወጣ፤ ኑጉ ትንሽ ስለ ረጠበ እንደገና ተሰጣ። የኑጉ ሸራ ጭቃ ስለ ነበር በበርበሬው ሸራ ላይ ተሰጣ። ማንም ምንም አላለም። እኔም ምንም አልመሰለኝም። በርበሬ ነካው ብሎ ኑግ የሚንቅ ጎጃሜ አይቼ አላውቅም፤ ለወጥ ቢሆን ምርቃት ነው። በማሳው ላይ ያለው ነዶ ግን ገሚሱ ረግፎ ገሚሱ ሻገተ። የተረፈችን ያች በማዳበሪያ የገባችው ብቻ ሆነች። ይዘናት ወደ ፍኖተ ሰላም ገባን።

ጨመቅናት። ዘይቱ ወርቅ! መልኩ ያምራል፣ ሽታውም ያው ኑግ ነው። እማዬ የማሽኑን የመጀመሪያ ዘይት ሁልጊዜ በኔ ፀጉር ነው የምትሞክረው።

«ነይ ቁጭ በይ።»

ቁጭ አልኩ። መጀመሪያ ሞቀኝ። ደስ አለኝ እንኳን። ቀጥሎ ኮሰኮሰኝ። ቀጥሎ እሳት!

«እማዬ፣ ራሴ ነደደ!»

«አታጋኚ። ፀጉርሽ እኮ ሲበጠርም ታለቅሻለሽ።»

ይኸን እያለች በዚያው እጇ ዓይኗን አሸት አደረገች። ከዚያ በኋላ አታጋኚ የሚል አልነበረም። ሁለታችንም አንድ ባልዲ ውስጥ ራሳችንን ነከርን። ያች የጎረቤታችን ሴት ጩኸታችንን ሰምታ ደረሰች፤ እሷ መቼም አትቀርም። ጣቷን ዘይቱ ውስጥ ነክራ ላሰች፤ አሰበች፤ እንደገና ላሰች።

«ይኸማ ዘይት አይደለም፤ ወጥ ነው የጨመቃችሁት» አለች። «ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ ሲባል ነበር የምናውቀው። እናንተ ደግሞ በርበሬውን ጨመራችሁ!» ለሽሮዋ አንድ ጠርሙስ ይዛ ሄደች። የቀረውንም ሰፈሩ ለወጥ እየተቀባበለ ጨረሰው፤ በርበሬ ይቆጥባል እየተባለ።

ሰፈሩ ሳቀ፤ እማዬ ግን አልሳቀችም። ለደንበኛችን የምትልከው ዘይት የለም። ደውላ «ትንሽ ይዘገይብናል» አለቻት። ሴትዮዋም ቆጣ ሳትል «እኔንም የሚጠብቁኝ አሉ፤ ካልደረሰ ሌላ ቦታ ማየቴ አይቀርም» አለች። ያን ዕለት እማዬ ጓዳ ገብታ የጌሾውን ከረጢት አወጣችና በር አጠገብ አስቀመጠችው። አልወቀጠችውም። አስቀመጠችው ብቻ። ያ የድሮ ጠጪ ሲያልፍ አየው።

«እመቤት፣ ጌሾ አየሁ ልበል? እግዜር ይስጥልን!»

እማዬ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ መልስ ነበረኝ፤ ግን በትልቅ ሰው ላይ የሚባል አይደለም።

በቀጣዩ የገበያ ቀን ኑግ ፍለጋ ቡሬ ወረድን። ነጋዴዎቹ የሚያሳዩን ወይ የሻገተ ነው ወይ ካምና የቆየ። እማዬ እፍኝ እየዘገነች ታሸታለች፣ ትመልሳለች።

«ደህናው የት አለ?» አለቻቸው።

«ደህናው ተኝቷል እህቴ። ዋጋው ሲነሣ ይነሣል» አላት አንዱ፣ ጎኑ ያሉት ሳቁ።

ባዶ እጃችንን ሚኒባስ ተሳፈርን። እማዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ የተኛች መሰለች። እኔ በመስኮት እያየሁ ነበር። ማሳው ሁሉ ታጭዷል፣ ደርቋል፣ ግራጫ ነው። ድንገት ከመንገዱ በታች፣ ውሃ ከሚተኛበት ዋልካ መሬት ላይ፣ አንድ ቢጫ ነገር አለፈ።

«እማዬ! ኑግ! ያበበ ኑግ!»

«በታኅሣሥ?» አለች ከነጠላዋ ውስጥ።

«ውረጅና ቅጠፊው እንግዲህ» አለኝ የሚኒባሱ ረዳት። ለቀልድ ነበር ያለው። ወረድን።

ማሳው የእትዬ ነበር። እትዬ የምላቸው ከአጎቴ ቤት ብዙም የማይርቁ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ናቸው። በሬ የላቸውም። በገጠር በሬ የሌለው ሰው የሚያርሰው ባለ በሬዎቹ የራሳቸውን ጨርሰው ጥማድ ሲያውሱት ነው። ስለዚህ እሳቸው ሁልጊዜ ኋለኛ ናቸው፤ ሌላው ኑጉን ዘርቶ አረም ሲያርም እሳቸው ገና ጥማድ ይለምናሉ። አጎቴ በየዓመቱ «የእትዬ ኑግ ለፋሲካ ይደርሳል» እያሉ ይቀልዱባቸዋል፤ በሬ የሚያውሷቸውም ራሳቸው አጎቴ ናቸው፣ መጨረሻ ላይ።

ዘንድሮ ያ የኅዳር ዝናብ የቀደሙትን መሬት ላይ ተኝተው አገኛቸው። የእትዬ ኑግ ግን አረንጓዴ ሆኖ ቆሞ ነበር። ዝናቡ ለሌላው ጥፋት ሲሆን ለሳቸው ማሳ መጠጥ ሆነ። ሲያባራም የአካባቢው ንብ በሙሉ ሌላ አበባ ስላጣ እሳቸው ማሳ ላይ ሰፈረ። እማዬ አንድ ጭንቅላት ቀጥፋ በመዳፏ አሸችው። ፍሬው ገና ሙሉ በሙሉ አልጠቆረም፤ ግን ጭንቅላቱ ድፍን፣ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

እትዬ ከደጃቸው ሆነው ያዩን ነበር። «እናንተ ከተሜዎች፣ ኑጌን ምን አድርግ ትሉታላችሁ?»

እማዬ ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻቸውና ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ደንበኛዋን፣ በርበሬውን፣ በር አጠገብ የተቀመጠውን ጌሾ። እትዬ በርበሬው ጋ ስትደርስ ሳቁ፣ ጌሾው ጋ ስትደርስ ሳቃቸውን ተዉ።

«ለአንች እሰጣለሁ» አሉ። «ግን አጫጅ የለኝም። ሲደርስ እናንተው ታጭዱታላችሁ። ያን ወንድምሽንም ይዘሽ ነይ።»

ጠበቅን። እማዬ ጌሾውን ከበሩ አላነሣችውም፤ አልወቀጠችውም ደግሞ። የኅዳሩ ዝናብ ያጠገበውን ጠጅ ሣርም ፀሐይ እስኪመልሰው አልነካችውም። እኔ በየቀኑ ሰማይ አያለሁ። ትምህርት ቤት መምህሩ «ወደ ውጭ ምን ታያለሽ?» ሲሉኝ «ኑግ» ብዬ ክፍሉን አሳቅሁት።

ጭንቅላቱ ሲጠቁር ሄድን። ኑግ ፀሐይ ከወጣበት በኋላ ከታጨደ ከማጭዱ ፊት ይረግፋል፤ ስለዚህ በጤዛ ነው የሚታጨደው። ማሳው ውስጥ ስንገባ ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ራሰ። ጣቶቼ ደነዘዙ። ግን በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጎበዝ ሆኜ አላውቅም፤ እትዬ ራሳቸው «ከተሜዋ ታጭዳለች!» ብለዋል፣ ምስክሮች አሉ። አጎቴ ከኋላችን ቀስ ይሉ ነበር።

«አንተ!» አሉ እትዬ፣ «ማጭድህ ደነዘ? ወይስ የእትዬ ኑግ ለፋሲካ ነው ብለህ ነው የማትቸኩለው?»

አጎቴ አንገታቸውን ደፍተው ሳቁ። «እትዬ፣ ይተዉኝ እባክዎ። በሚመጣው ሰኔ በሬዎቼ የርስዎን ማሳ ነው መጀመሪያ የሚያርሱት። እምላለሁ።»

«ተው! ተው እንዳታስቀድመኝ! አሁን ገና መዘግየቴ በጀኝ!»

አውድማ ላይ ሲደርስ እማዬ ከከተማ ያመጣችውን አዲስ ሸራ ዘረጋች። እትዬ ቅር አላቸው። «የኔ አውድማ ምን ሆነና ነው?»

«በርበሬ ፈርቼ ነው እትዬ፣ አይቀየሙኝ።»

«በርበሬ? በርበሬ የምዘራበት መሬት ቢኖረኝ ኖሮ ያንችን ወንድም በሬ እለምን ነበር?»

በዱላ ወቃነው፣ በነፋስ አዘራነው፣ በአዲስ ማዳበሪያ ከተትነው። ቤት ገብተን ስንጨምቀው ዘይቱ እንደ ማር ወረደ። እማዬ ዘይቱን ይዛ ቆመች፣ ግን ነይ ቁጭ በይ አላለችኝም። እኔው ሄጄ ቁጭ አልኩ። ቀባችኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ባልዲው ውሃ ተሞልቶ አጠገባችን ነው።

«ሞቀሽ?»

«አልሞቀኝም።»

«ኮሰኮሰሽ?»

«አልኮሰኮሰኝም።»

«እንዳትዋሺኝ፣ እንዲያልፍልን ብለሽ።»

«እማዬ ሙት ምንም!» አልኳት። ተነሥታ ግንባሬን ሳመችኝ፤ አፏ ኑግ ሆነ።

ጠጅ ሣሩም በፀሐይ ተኮማትሮ ደረሰልን። ጠርሙሶቹን አሽገን ተዘግቶ የሰነበተው መንገድ በተከፈተ ቀን በባሕር ዳር ሚኒባስ ላክን። ዘግይተናልና እማዬ «የዘገየንበትን ምክንያት ጻፊላት፤ እኔ በስልክ ስናገር አፌ ይተሳሰራል» አለችኝ። በስልኬ መጻፍ ጀመርኩ። አጭር ሊሆን ነበር። ስለ ጥቅምቱ ንብ ጻፍኩ፤ ስለ ዳመናው ጻፍኩ፤ ስለ በርበሬው ሸራ፣ ስለ ባልዲው፣ ስለ እትዬ። አንድ መልእክት አልበቃ ብሎ ተከታተለ። ሳልልከው ለእማዬ አነበብኩላት።

«የበርበሬውን አውጪው፤ ያሳፍራል» አለች።

«እማዬ፣ ጥሩው ቦታ እኮ እሱ ነው!»

እማዬ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች። «እስኪ እንደገና አንብቢው።» እንደገና አነበብኩት። ዓይኗን የነካችበት ቦታ ስደርስ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። «ላኪው» አለች። «እንደ ሆነው ላኪው።»

እንግዲህ መልሱን በፋጉሎ እጄ የሰማሁት እንዲህ ሆኖ ነው። ጌሾው ተሸጠ። እኔ ደግሞ ለጠርሙስ የሚለጠፍ ጽሑፍ የምትጠየቅ ልጅ ሆንኩ! ወረቀቷ ትንሽ ናት፤ ይኸ ሁሉ አይገባባትም፤ ለዚህ ነው እዚህ በሰፊው የጻፍኩት። የእማዬን በርሜል፣ የእትዬን ዋልካ፣ የአጎቴን መሐላ ጨምሬ። ኩራት ኃጢአት ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ኮርቻለሁ፤ ንስሐ ብገባም የምገባው ከጻፍኩ በኋላ ነው።

ዜናውን ልንነግራቸው እትዬ ጋ ሄድን። ደስታቸውን ለመደበቅ እንጨት ይለቅሙ ጀመር። ጽሑፌን ሰዎች እንደሚያነቡት ስነግራቸው ግን ቀና አሉ።

«እነዚህ የሚያነቡሽ ሰዎች እጅ አላቸው?»

«አላቸው እንጂ እትዬ።»

«እንግዲያ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ እትዬ ጠርተዋችኋል።»

ጠርተዋችኋል። አበባ ማየት የምትወዱ ሌላው ማሳ ሲደርቅ ኑ፤ የሳቸው ያኔ ነው የሚያብበው። ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ስትመጡ ከመንገዱ በታች፣ ግራጫው መሃል ቢጫ ሆኖ የቀረውን ማሳ ፈልጉ። መሥራት የምትፈልጉ ደግሞ ጭንቅላቱ ሲጠቁር፣ ጤዛው ሳይነሣ ድረሱ። ጠላና ቆሎ አለ። ማጭድ ሳይዝ የመጣ እንግዳ ነዶ ይሸከማል ብለዋል።